የጫጩቶቹ ግራ ተመላላሽ

የታዳጊዎቹን ብሔራዊ ቡድን ሕዝቡ «ጫጩቶቹ» እያለ ነው የሚጠራው። ደስ ሲሰኝባቸው እንዲያ ነው፤ ሲናደድ ግን «ጢማሞቹ ጫጩቶች» ይላቸዋል፤ መናደጃ ደግሞ አጥቶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የተሰለፉ ጊዜ ከሌላ ቡድን ጋር በነጥብም በግብም እኩል ሆኑና ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣው ለሌላው ወጣ፤ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ሻንጣቸውን ሸክፈው ተመለሱ። በሁለተኛው ውድድር ሩብ ፍጻሜ ደረሱና አገሩ በደስታ ሰከረ። በጨዋታው ዕለት ጠዋት ግን አንዱ ተጫዋች ከሆቴል ወጥቶ ጠፋ፤ የቀሩትም ልባቸው ሁለት ቦታ ሆኖ ተጫውተው ተረቱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ያው ነው። ሩብ ፍጻሜ ይደርሳሉ፣ አንዱ ይጠፋል፣ ይረታሉ። ባለፈው ውድድር ጊዜማ አዘጋጆቹ የልጆቹን አጥንት መርምረው ጥቂቶቹን «እነዚህ አባቶች ናቸው» ብለው ከሩብ ፍጻሜው በፊት አሰናበቷቸው። በረኛው ልጁን ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ነው የሄደው ተብሎ ተቀለደ፤ ቀልድ ይሁን እውነት የሚያውቀው በረኛው ብቻ ነው።

ስለሚጠፉት ልጆች ብዙ የተጨነቀ የለም። «ኮበለለ» ይባላል፣ ሁለት ቀን ይወራል፣ ያልፋል። አሰልጣኙ ይባረራል፣ አዲስ ይቀጠራል፤ አዲሱ የአሮጌውን ጣጣ መስማት አይፈልግም። ልብ ያለ ሰው ቢኖር ግን አንድ ነገር ይገርመው ነበር። ከመጀመሪያው ልጅ በስተቀር፣ ከጠፉት ለአንዳቸውም «ልጄን አምጡ» ብላ ፌዴሬሽኑ ደጃፍ የቆመች እናት የለችም።

የመጀመሪያው ልጅ እናት ግን ቆማለች። ጫማዋ እስኪያልቅ ተመላልሳለች፤ ልቅሶ እንቀመጥ ያሏትን ዘመዶች በቁጣ ከቤቷ አስወጥታለች። ልጇ የግራ መስመር ተመላላሽ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ። አንድ ታናሽ እህት ነበረችው፤ አንዴ ከተጠጋችው ስለማትላቀቅና ቁጭ ብድግ ስለምታበዛ «ቁንጫ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ቁንጫ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ በአንድ ሆስፒታል የኤምአርአይ ክፍል ባለሙያ ሆና ትሠራለች፤ አላገባችም፤ እናቷን ትጦራለች። ወንድሟ ከጠፋ ወዲህ ኳስ አይታ አታውቅም። ጫጩቶቹ የሚጫወቱ ቀን የሌላ ሰው ተራ ለምና ሥራ ትገባለች፤ የጎረቤት ጩኸት እንኳ እንዳይሰማት።

ታዲያ ሰው የሸሸው ነገር አድራሻውን ጠይቆ ይመጣል። ፌዴሬሽኑ ባለፈው ከደረሰበት ውርደት በኋላ ልጆቹን ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ለማስመርመር ወሰነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የልደት ወረቀቱ አሥራ ስድስት ካለ ዘላለም አሥራ ስድስት ነው። የእጅ አንጓ አጥንት ግን እንዲያ አይደለም። ልጅ ከሆነ ጫፉ ላይ የሚያድግበት መስመር ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ዕድሜው ካለፈ መስመሩ ተዘግቶ አጥንቱ አንድ ወጥ ይሆናል። ምርመራው ያለው ደግሞ ቁንጫ ክፍል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እሷ ምስሉን ታነሣለች፤ አጥንቱን አንብቦ የሚፈርደው ሐኪም ኮሪደሩ ማዶ ራሱን ዘግቶ ይቀመጣል። ለማንም እንዳያዳላ ስም አይሰጠውም፤ ምስሉ የሚደርሰው በቁጥር ብቻ ነው። የልጆቹን ፊት አያይም፣ ድምፃቸውንም አይሰማም።

ልጆቹ ቱታቸውን ለብሰው በአውቶቡስ መጡና መጠበቂያውን በሳቅ ሞሉት። አንዱ ጢሙን ከመፋቁ ብዛት አገጩ ደምቷል።

«ሐኪሙ የሚያየው አንጓህን ነው እንጂ አገጭህን አይደለም» አለው አሰልጣኙ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አሰልጣኙ ወፍራም፣ ላብ የማይደርቅለት ሰው ነው፤ በየደቂቃው ብቅ እያለ «እህቴ፣ እንዴት ነው? ልጆች ናቸው?» ይላታል።

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ዳኛ አይደለሁም» ትለዋለች።

ብረት ያለበትን ሁሉ ታስወልቃለች፣ በሆድ ታስተኛለች፣ ግራ እጅን ወደ ፊት አስዘርግታ መያዣው ውስጥ ታስገባለች፣ «እንዳትነቃነቅ» ትላለች፣ ወጥታ በመስታወቱ ማዶ ትቀመጣለች። ማሽኑ መደብደቡን ይጀምራል። ፊታቸውን ማየት ትታለች፤ ፊታቸውን ስታይ ወንድሟ ይመጣባታል። እጅ ብቻ ነው የምታየው።

የመጨረሻው ልጅ ዝም ብሎ ገባ፣ ሳይነገረው በሆዱ ተኛ፣ እጁን ዘረጋ። ምስሉ ስክሪኗ ላይ ቀስ እያለ ወጣ። መስመሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልጅ ነው፣ ምንም አያጠራጥርም። ከመስመሩ በላይ ግን አንጓው ላይ ካሉት ትንንሽ አጥንቶች ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ሆነዋል።

ቁንጫ ይህን ነገር አንድ ቦታ ብቻ ነው የምታውቀው፤ በራሷ እጅ። ማሽኑ የተተከለ ሰሞን ለሙከራ ተብሎ የእሷ አንጓ ተነሥቶ ነበር። ያኔ የነበረ ሌላ ሐኪም አይቶ «ይሄ በዘር የሚመጣ ነው፤ አያምም፣ አትጨነቂ» ብሏት ነበር። ምስሉ እስከ ዛሬ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ወልዷል፣ ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው አለች። እናቷን እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት ሁሉ አሰበች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ክፍሉ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነው፤ አሁን ግን አየሩ ላይ የጡንቻ ቅባት ሽታ ነበር፤ ድሮ ቤታቸው ወንድሟ አልጋ ሥር ትቀመጥ የነበረችው የቅባት ቆርቆሮ ሽታ።

«አልቋል፣ ተነሥ» አለችው። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ልጁ ዞሮ ተቀመጠ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና አያት።

«ቁንጫ?»

የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። በዚህ ስም የምትጠራት በዓለም ላይ እናቷ ብቻ ናት።

«አንቺ ነሽ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አላት። ጉንፋን ይዞሽ ነው ወይ እንደሚል ሰው ነበር አጠያየቁ።

ልጇ ሊሆን የሚችል ልጅ ፊት ቆማ፣ አፏ ያወጣው ያንኑ የጥንቱን ቃል ነው። «ጋሽዬ» አለችው።

«እማዬ ደህና ናት? ስወጣ ስታለቅስ ነበር እኮ።»

«ደህና ናት። ጋሽዬ፣ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? ከልጆቹ ጋር ነዋ።»

«ከየትኞቹ ልጆች?»

ትንሽ አሰበ። «ልጆቹ ይለዋወጣሉ» አላት። «አውቶቡሱ ይመጣል፣ እገባለሁ። እንጫወታለን። የሩብ ፍጻሜው ቀን ጠዋት ነፋስ ልቀበል ብዬ ከሆቴሉ በር እወጣለሁ። መንገዱን እሻገራለሁ። ከዚያ ደግሞ አውቶቡሱ ይመጣል።» ይህን ሲል ግንባሩ ትንሽ ተቋጠረ፤ ወዲያው ግን ፈታው። «ያቺ ጨዋታ ናት ያመለጠችኝ። እሷን ብቻ ልጫወትና ቤት እመጣለሁ። ዘንድሮ እናሸንፋለን፤ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው።»

ያኔ ገባት። ስም እየተለወጠለት በየውድድሩ የሚሄደው፣ በየውድድሩ የሚጠፋው፣ ማንም እናት የማይጠይቅለት ልጅ ይሄው ነው። ሰውነቷን ብርድ ብርድ አላት፤ አልሸሸችም ግን። ወንድም ነው። ሰው ከወንድሙ ይሸሻል?

«ጋሽዬ፣ አሁን ቤት እንሂድ። ኳሱ ይቅርብህ።»

ሳቀባት። «አበድሽ እንዴ? ብሔራዊ ቡድን ነው እኮ!»

«እሺ፣ ጠዋት ከሆቴሉ አትውጣ። መንገዱን አትሻገር።»

«አልሻገርም» አላት፤ ልጅ ቶሎ እንዲለቁት ቃል እንደሚገባው። እንደሚሻገር አወቀች።

ልብሱን እንዲቀይር ልካው ወደ መስታወቱ ማዶ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህን ምስል ከላከችው ሐኪሙ «ልጅ ነው» ይላል፤ አውቶቡሱ ይመጣል፤ ይሄዳል፤ እናቷም ፊቱን ሳታይ ታልፋለች። ካልላከችው ይቀርላታል። እጁን ይዛ ቤት ታስገባዋለች። «እማዬ፣ እንቺ» ትላለች። እንደወጣ የተመለሰ፣ ያው ሳቂታ፣ ያው አሥራ ስድስት። ይህን ስታስብ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ደስታ ደግሞ ከቸኮለ ጅብ አይሻልም፤ ቀንዱንም ሥጋውንም ለይቶ አይነክስም። ፋይሎቹን ከፈተች። የራሷን አንጓ፣ ለሙከራ የተነሣውን፣ በልጁ ቁጥር አድርጋ ላከችው።

ብዙም አልቆየ፣ የሐኪሙ ሳቅ ኮሪደሩን አቋርጦ መጣ። «ኧረ በፈጣሪ! ይሄማ ሰውዬ ነው! ጥርቅም ብሎ የተዘጋ አጥንት! ይሄንንም ጫጩት ብለው አመጡት?» ሲል ሰማችው። ፈረደ፣ ፈረመ።

ቁንጫ ለልጁ ልትነግረው እየሮጠች ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደች። ጀርባውን ሰጥቷት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ቱታው ትከሻው ላይ ተወጥሯል። እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቷል። አንገቱ ሥር ያለው ፀጉር ነጭ ጣል ጣል ብሎበታል።

«ጋሽዬ» አለች።

ዞረ። ፊቱ የአባታቸው ፊት ነው፤ አባታቸው በሞተበት ዕድሜ ያለው ፊት። ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል ያያቸዋል። «ቁንጫ፣ ምን አደረግሽኝ?» አላት፤ ድምፁ ጎርንኗል፤ የራሱ ድምፅ አስደንግጦት አፉን ያዘ።

አሰልጣኙ ከኋላዋ ደረሰ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የእሱ ዓይን ገና አሁን መገለጡ ነው። «ይሄን ሰውዬ ነው አውቶቡስ ላይ ጭኜ ያመጣሁት?» አለ ላቡን እየጠረገ። «ዓይኔ ላይ ምን ተጋርዶበት ነው?» አልተናደደም፣ ፈራ እንጂ። ሌሎቹን ልጆች ሰብስቦ፣ ኋላውን ሳያይ፣ ይዟቸው ሄደ። አውቶቡሱ ሲወጣ ሰውዬው በመስኮት እስኪጠፋ ድረስ አየው።

በታክሲ ወደ እናታቸው ቤት ሄዱ። ማልቀስ አማራት፤ ለማልቀስም መብት እንዳጣች ተሰማት። ልጁን መልሼ አመጣለሁ ብላ ዕድሜዋን አሸከመችው። ያልኖራቸውን ዓመታት፣ ያላገባበትን፣ ያልሠራበትን፣ ያልሳቀበትን ዘመን ሁሉ በአንድ ፋይል ጫነችበት። መንገድ ላይ «ጉልበቴን አመመኝ» አላት፤ መታመሙ ግራ ገብቶት።

በሩን እናታቸው ከፈተች። ቁንጫ ሰውዬውን በክንዱ ይዛ ወደ ፊት አቀረበችው።

«እማዬ፣ እሱ ነው። መጣ።»

እናቲቱ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አልተቆጣችም፤ ይልቅ በልጇ ምትክ ያፈረች መሰለች።

«የእኔ ልጅ እኮ ልጅ ነው» አለች በለሆሳስ። ቀጥላም ለሰውዬው ራሷን ዝቅ አድርጋ «ይግቡ፣ ወንድሜ፣ እንግዳ በር ላይ አይቆምም» አለችው።

በገዛ እናቱ ቤት እንግዳ ሆኖ ገባ። ቁንጫ በልቅሶም በመሐላም ሞከረች፤ እናቷ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን አታሳፍሪው» እያለች ታስቆማታለች። እሱ ራሱ አንድ ቀን «ተያት» አላት። «እኔም መስታወት ሳይ አላምንም።» የሚተኛበት ሳሎን ነው። የቀድሞ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ለባለቤቱ ነው የሚጠበቀው። እናቲቱ እንግዳውን ወደደችው። ጨዋ ነው፣ ሥራ ያግዛል፣ አምፖል ይቀይራል ትላለች። «እናትዎ የታደሉ ናቸው» አለችው አንዴ፤ እሱም «ናቸው» አላት።

ጫጩቶቹ ሄዱ። ምድባቸውን አልፈው ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። የጨዋታው ዕለት ቁንጫ እንደ ልማዷ ተራ ለምና ልትወጣ ስትል እናቷ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ፊት ስታደላድል አየቻት።

«ምን ልታዪ ነው?»

«ልጄን ነዋ።»

ቁንጫ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ሥራ ነኝ እያልሽ ትሄጃለሽ» አለች እናቲቱ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እያደረገች። «እኔ በየውድድሩ አየዋለሁ። ግራ መስመር ላይ ወጣ ገባ ሲል። ማሊያው ይለያያል፣ ልጆቹ ይለያያሉ፤ እሱ ያው ነው። አንድም ቀን አላረጀም። ሮጦ ሮጦ ላቡን በማሊያው ጫፍ ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ እኔም እፎይ እላለሁ፤ እስከሚቀጥለው ድረስ ይበቃኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንድ ጣራ ሥር ስትኖር ይህን ሁሉ ዘመን እናቷ ልጇን አጥታ ያላጣች መሆኗን አላወቀችም። ሰውዬው ከሳሎኑ ጥግ ተነሥቶ መጣና ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ቁንጫ መቀመጥ አልቻለችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ያን ቀን ጠዋት ከሆቴል የጠፋ ተጫዋች አልነበረም። አሥራ አንዱም በሙሉ ልብ ተጫወቱ፤ ገና ከዕረፍት በፊት አገቡ፤ መሽቶ ሳይጨልም ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ፤ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜውን አለፉ። ሰፈሩ በአንድ አፍ ጮኸ። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፣ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ተቃቀፈ። በዚያ ቤት ግን እናቲቱ ብቻ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ በየተጫዋቹ ፊት ላይ ትፈልግ ነበር።

«ዛሬ አላሰለፉትም» አለች በመጨረሻ።

ሰውዬው ወደ እሷ ዞረ። «ተጎድቶ ይሆናል፣ እማማ» አላት።

«ለቀጣዩ ይደርሳል?»

ቁንጫ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይደርሳል» አላት ሰውዬው።

እናቲቱም ልቧ ትንሽ መለስ አለላት። ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ይበልጥ አስጠግታ፣ ልጆቹ ከሜዳ ሲወጡ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር።